ክረምት በደሴ፦ ከቴፑ በፊት ጎኒዮሜትሩ

ሰላም የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ጓደኞቼ፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደሴ ቤተሰብ ጋ ነኝ። የጦሳ ተራራ ጉሙን ከለበሰ ሰነበተ፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣም፤ ለልምምድ ግን ተመችቶኛል። ከመለያየታችን በፊት ተጨማሪ ሥልጠና ምን እንውሰድ እያልን ስናወራ ብዙዎቻችሁ ኪኔሲዮ ቴፕ (ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ተለጣጭ ፕላስተር) እና ድራይ ኒድሊንግ (ጡንቻን በቀጭን መርፌ መውጋት) ነበር ያላችሁት። እኔ ሌላ መንገድ ይዤ መጣሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አቋሜን ልናገር። ብር አውጥተን የአጭር ጊዜ ሰርተፍኬት ከመሰብሰባችን በፊት ሁለት ነገር እጃችን ላይ መግባት አለበት ባይ ነኝ። አንዱ መገጣጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ በጎኒዮሜትር፣ ሁለት ክንድ ባለው የማዕዘን መለኪያ፣ በትክክል መለካት ነው። ሌላው ደግሞ ታካሚው ቤቱ ሲገባ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ መጠየቅ። ሁለቱንም ክፍል ውስጥ ተምረናል፤ ግን አንድ አልጋ ከበን፣ ለየሰዉ አንድ ዙር እየደረሰን፣ እጅ አይፈታም።

በጉልበት ጀመርኩ። ወንድሜ፣ የአክስቴ ልጆች፣ ኳስ የሚጫወቱ የሰፈር ልጆች፣ ፈቃደኛ የሆነ ጤነኛ ሰው ሁሉ ተለካልኝ። የጎኒዮሜትሩ መሃል የጭን አጥንት የውጪ ጉብታ ላይ፣ ቋሚው ክንድ ወደ ትልቁ ትሮካንተር (ዳሌ ጎን ላይ ያለው የጭን አጥንት ጉብታ)፣ ተንቀሳቃሹ ወደ ውጪኛው ቁርጭምጭሚት። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ትሮካንተሩን በሱሪ ላይ ፈልጎ ማግኘት ግን ሥራ ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሰውዬውን በጀርባው አስተኝቼ መዳፌን ዳሌው ጎን ላይ አሳርፋለሁ፤ እግሩን ቀጥ እንዳደረገ ጣቶቹን ወደ ውስጥና ወደ ውጪ እንዲያዞር እነግረዋለሁ። ከመዳፌ ሥር የሚንከባለል ጠንካራ ነገር ይመጣል። እሱ ነው። አንዴ ከተሰማችሁ ሁለተኛ አይጠፋችሁም።

ከዚያ ልምምዱን ጠበቅ አደረግኩት። ቁጥር ያለበትን ገጽ ወደ እህቴ አዙሬ እለካለሁ። እኔ አላየውም፤ እሷ አንብባ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሌላ ሰው ለክቼ ደግሞ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። ደብተሩን የማየው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቁጥሮቹ ይራራቁ ነበር፤ አሁን አብዛኛው እዚያው አካባቢ ያርፋል። ይሄን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። በጉልበት መታጠፍ ላይ የ5 ዲግሪ ያህል ልዩነት የመለካት ስህተት ሊሆን ይችላል ተብሎ ነው የሚወሰደው። ስለዚህ ሰኞ 92፣ ሐሙስ 95 ያነበበ ሰው ታካሚውን «ተሻሽለሃል» ሊለው አይችልም። የተለወጠው ጉልበቱ ይሁን የእኛ እጅ አናውቅማ! በሆድ ተኝቶና በጀርባ ተኝቶ የተለካ ጉልበትም አንድ አይደለም፤ በሆድ ሲተኛ ሬክተስ ፌሞሪስ የሚባለው የጭን ፊት ጡንቻ ቀድሞ ይወጠርና መታጠፉን ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ እንዴት ተኝቶ እንደተለካ፣ ራሱ አጥፎት ይሁን እኛ አጥፈንለት፣ ሁሌ ይጻፍ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ እውነት ለመናገር ልቤን የያዘው እሱ ነው።

በሳምንት ጥቂት ቀን አንድ ከእኔ በፊት የተመረቀ ፊዚዮቴራፒስት ጎን ቆሜ እመለከታለሁ፤ ሲፈቅድልኝ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት መጡ። እሱ መጀመሪያ ጉልበታቸውን አልነካም። «እማማ፣ ምን ማድረግ ነው ያቃትዎት?» አላቸው። «መራመዱንስ እራመዳለሁ ልጄ። ሱጁድ ወርጄ መነሳቱ ነው የቸገረኝ፤ ወንበር ላይ ሆኜ እየሰገድኩ ነው» አሉት።

እስቲ አስቡት። መጽሐፎቻችን ለሜዳ መንገድ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ የጉልበት መታጠፍ ይበቃል ይላሉ፤ ለደረጃ ከ90 እስከ 100 አካባቢ። በዚያ ሚዛን እኚህ እናት «ጥሩ ናቸው» ተብለው ሊሸኙ ነው። ወሎ ውስጥ ግን ሰው ይሰግዳል፤ ሙስሊሙ በሰላት፣ ክርስቲያኑ በስግደት። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ይባላል። ቡና ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው የሚፈላው፤ ከአቦል እስከ በረካ ዝቅ እንዳሉ ነው። ይሄ አብዛኛው ከ120 ዲግሪ በላይ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ከመሬት ለመነሳት የጭን ፊት ጡንቻ ጥንካሬ ይፈልጋል።

ያ ፊዚዮቴራፒስት ሱጁዱን ቆራርጦ ነው ያስተማራቸው። መጀመሪያ ከፍ ካለ ወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሳት። ቀጥሎ ዝቅ ካለ ወንበር። ከዚያ አልጋ ይዘው፣ ታጥፎ የተነጠፈ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ በአንድ ጉልበት መንበርከክ። የብርድ ልብሱ እጥፋት በየጊዜው ይቀነሳል፤ እጃቸውም ከአልጋው ወደ ዱካ፣ ከዱካው ወደ መሬት ይወርዳል። ሕመሙ በማግስቱ ካየለ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ቤታቸው የሌለ ዕቃ አንድም አልተጠቀመም። ሲወጡ ጭራሽ እኔን «አብሽር ልጄ፣ አንተም ትደርሳለህ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምለካው ሰው ሁሉ ከዲግሪው አጠገብ «ምን ማድረግ ይፈልጋል?» የሚል መስመር ጨምሬያለሁ።

ሌላው የስትሮክ ታካሚ ትከሻ ነው። ቤተሰብ ሊያነሳው ሲፈልግ የደከመውን እጅ ይጎትታል፤ በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ ግን ጡንቻው ያልያዘው ትከሻ ከቦታው ዝቅ ይላል፣ ሕመምም ያመጣል። እኔ ወንድሜን የታመመ አድርጌ መዳፌን ከትከሻው አጥንት ጀርባ እያስገባሁ አልጋ ላይ ማዞርና ማስቀመጥ ተለማመድኩ። ቀጥሎ ያንኑ ለእናቴ አስተማርኩ። እናቴ ከገባት የታካሚ ቤተሰብም ይገባዋል ብዬ ነው። ማስተማርም እኮ ልምምድ ይፈልጋል።

ስለ ወለምታም ትንሽ ልበል፤ በዚህ ጭቃ ብዙ እግር ይታጠፋልና። የኦታዋ ደንብን፣ ወለም ያለው እግር ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ የሚለይበትን፣ የሰፈር ልጆች ጤነኛ እግር ላይ እየዳሰስኩ ነው የያዝኩት። የውስጠኛውና የውጪኛው ቁርጭምጭሚት የኋላ ጠርዝ፣ ከጫፍ ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር። ናቪኩላር (የእግር መሃል የውስጥ በኩል አጥንት)። የአምስተኛው ሜታታርሳል (ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው አጥንት) መነሻ። አጥንቱ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ፣ ወይም ሰውዬው እንደተጎዳም ሆነ አሁን ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ራጅ ይነሳ። እኛ ጋ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው፤ ይሄን በመናቅ የሚገኝ ነገር የለም። አንዳንዶቹ የመዳሰስ ችሎታቸው የሚያስቀና ነው። ነገር ግን በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ካያችሁ ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ዘርጉ። ከመጠን ያለፈ ሕመም ካለ፣ ከደነዘዘ፣ ከነጣ ወይም ከቀዘቀዘ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፤ ሰውዬውም በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። እጅ የሚጠፋው በሰዓታት ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ነርቭ መዳሰስ ልጀምር ነው፤ አልናር የሚባለውን የእጅ ነርቭ ከክርን ኋላ፣ ኮመን ፔሮኒያል የሚባለውን የእግር ነርቭ ከፊቡላ (ከቅልጥሙ የውጪ ቀጭን አጥንት) ራስ ሥር። ሥጋ ደዌ ነርቭ ይጎዳልና፣ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አፍንጫችን ሥር እያለ ይሄን ሳልችል መመረቅ አልፈልግም። ለንባብ ፊዚዮፔዲያ ከሚባለው የፊዚዮቴራፒ ድረ ገጽ በሌሊት ፓኬጅ አወርዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመልሶ ማቋቋም አገልግሎት ጥቅልም በነጻ ይገኛል፤ ሰፊ ስለሆነ ከስትሮክና ከጉልበት አርትራይተስ ጀምሩ።

ጳጉሜ 3 የዓለም ፊዚዮቴራፒ ቀን ነው፤ ሩፋኤልም በዚያው ዕለት ይውላል። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ አካባቢ ያላችሁ እኛ ቤት ተሰብስበን ብንለካካስ? አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፤ የማን ቁጥር ከማን ጋር እንደሚቀራረብ እናያለን። ጎኒዮሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ቁምጣም አትርሱ። ቡናው በእናቴ ነው።