የመዳፍ ምልክት

ለንደን ውስጥ የመድረክ ልብስ የሚሰፋና የሚያከራይ አንድ ቤት ተቀጥሬ ገና ሁለተኛ ወሬ ነበር። ስፌት ከእናቴ ነው የተማርኩት። የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ላይ ዓይኔን የጨረስኩ ሰው ነኝና ስለ ጨርቅ ማንም አያስተምረኝም ባይ ነበርኩ። እንፋሎት ማሽንማ ጭራሽ!

የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስላል። አንድ የባሌት ትምህርት ቤት የ1920ዎቹን (እ.ኤ.አ.) ዳንስ የሚያሳይ ትርኢት ሊያዘጋጅ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ የሚቀመጥ የዚያ ዘመን አንድ እውነተኛ ቀሚስ አለ። ልኩን ወስጄ አምሳያውን መስፋት ነው የኔ ድርሻ።

ቀሚሱን መጀመሪያ ያየ ሰው ምኑ ያምራል ይላል። እንደ ጆንያ ቀጥ ያለ ነው። ወገብ የለውም፤ የወገቡ መስመር ዳሌ ላይ ወርዷል። ጸጉራቸውን እስከ ጆሯቸው ተቆርጠው ቻርልስተን የሚጨፍሩት ወጣት ሴቶች፣ ፍላፐር የሚባሉት፣ እንዲህ ያለውን ነበር የሚለብሱት። ስታነሡት ግን ይከብዳል። ሐሩ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። ከላዩ ግን ዶቃው፣ ሲክዊኑ፣ ያ የዓሣ ቅርፊት የሚመስለው አንጸባራቂ ነገር ሁሉ ከአንገት እስከ ጫፍ ተዘርግፎበታል። ለካ ያ ክብደት ነው ልጅቷ ስትዞር ጫፉን የሚያወዛውዘው። ቆማ ጆንያ ነው፤ ስትጨፍር ነው ቀሚስ የሚሆነው።

ጫፉ አካባቢ ተጨማዷል። አለቃዬ "ለክተሽ ብቻ መልሺው" ብለውኛል። (እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን ሴትዮዋን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው።) የተጨማደደ ልብስ ደግሞ ለክቼ አላውቅም። ትንሽ እንፋሎት ምን ይለዋል?

እንፋሎቱ እንደነካቸው ሲክዊኖቹ ተሸበሸቡ። ልክ እሳት እንደነካው ላስቲክ። ጠርዛቸው ተጠቀለለ፣ ብርሃናቸው ጠፋ፣ እርስ በርስ ተጣበቁ። ደንግጬ አንዷን በጥፍሬ ላላቅቅ ሳብ ሳደርጋት ክሩ ተበጠሰ። የዚያ ዘመን የዶቃ ጥልፍ ብዙውን ጊዜ ኪሮሽ በመሰለ ቀጭን መንጠቆ በሰንሰለት ስፌት የሚሠራ ነው። አንድ ቦታ ከተበጠሰ መስመሩ እንዳለ ይተረተራል። ይህን ያወቅሁት ዶቃው እንደ ጤፍ ወለሉ ላይ ሲፈስ ነው።

አለቃዬ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ማሽኑን ከሶኬት ነቀሉ። ብርጭቆ ውስጥ ሙቅ ውሃ ቀዱ። ከወለሉ አንዲት ሲክዊን በመርፌ ጫፍ አንሥተው ውሃው ውስጥ ጣሏት።

"እያት" አሉኝ።

መጀመሪያ ለዘብ አለች። ከዚያ ዳርዳሯ ደበዘዘ። ትንሽ ቆይቶ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ወርቅማ ውሃ ብቻ ነበር።

ጄላቲን ነው። እኔ ፕላስቲክ መስሎኝ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ብዙው ሲክዊን ከከብት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ከሚወጣው ጄላቲን ነበር የሚሠራው፤ ጄሊ ከሚሠራበት ማለት ነው። ሙቀትም እርጥበትም አይችልም።

ቀጥለው ቀሚሱን ቀስ ብለው ገለበጡት። ጀርባው ላይ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ፣ እኔ ያልነካሁት ቦታ ሲክዊኑ ደብዝዞ ተጣብቋል። አለቃዬ ሳያስነኩ መዳፋቸውን ከላዩ ዘረጉበት። ልክክ አለ።

"አብሯት ይጨፍር የነበረው ሰውዬ ነው" አሉ። "ላቡ ነው።"

እውነቱን ልናገር? ያቀለጥኩት እኔ ብቻ አይደለሁማ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ቅጣቴ ዶቃ መልቀም ሆነ። አንድ በአንድ፣ በመርፌ። እሳቸው አጠገቤ ሻያቸውን እየጠጡ የፈረንሳይዋን ፋሽን ነዳፊ፣ የሻኔልን ታሪክ አወሩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሰኔ ወር ላይ ባሌ ሩስ የሚባለው የዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን ፓሪስ ሻንዜሊዜ ቴአትር ውስጥ "ሰማያዊው ባቡር" የሚል ባሌት አሳየ። (የኛው ራስ ተፈሪ አውሮፓን የጎበኙትም በዚያው ዓመት ነው።) ስሙ ሀብታሞችን ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ከሚወስደው ባቡር የመጣ ነው፤ መድረኩ ላይ ግን ባቡር የሚባል ነገር የለም። ዋናተኞች፣ አንድ ጎልፍ ተጫዋች፣ አንዲት ቴኒስ ተጫዋች ናቸው ያሉት። ቴኒስ ተጫዋቿን የጨፈረችው የዳንሱ ደራሲ ብሮኒስላቫ ኒጂንስካ ራሷ ናት፤ የዚያን ጊዜዋን የቴኒስ ኮከብ ሱዛን ላንግለንን አስመስላ።

ልብሱን የሠራችው ኮኮ ሻኔል ናት። የባሌት ልብስ አልሠራችም። ሰው ባሕር ዳር የሚለብሰውን የሹራብ ዋና ልብስ ነው መድረክ ላይ ያወጣችው። ተመልካቹ ወደደው። የጨፈሩት ግን ተቸገሩ። ሹራቡ ሰፋፊ ስለሆነ አጃቢው ልጅቷን ሲይዝ እጁ ላይ የሚቀረው ጨርቁ ነው፤ እሷ ውስጡ ትንሸራተታለች። ሮዝ የዋና ልብስ የለበሰችው ሊዲያ ሶኮሎቫ (ስሟ የሩስያ፣ ልጅቷ እንግሊዛዊት) ጆሮዋ ላይ ትልልቅ ሉል የመሰለ ጉትቻ ተደርጎላት ሙዚቃውን መስማት አቅቷት ነበር።

ከት ብዬ ሳቅሁ። ዶቃዬን ለቅሜ ጨረስኩና አምሳያውን ሰፋሁ። የአሁኑ ሲክዊን ፕላስቲክ ነውና ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። እንደ ዋናው ልቅ አድርጌ።

ልምምዱ ቀን ልጁ ልጅቷን አነሣት። ቀሚሱ ወደ ብብቷ ሲሰበሰብ እሷ ወደ ታች ወረደች። ደግነቱ እግሯ መሬት ደረሰ። ልጁ መዳፎቹን ዘርግቶ አሳየኝ። በሲክዊኑ ጠርዝ ተቧጥጠው ቀልተዋል።

አለቃዬ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው። ምንም አላሉም። መዳፋቸውን ብቻ ከፍ አድርገው አሳዩኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የዚያን ሰውዬ እጅ ጀርባው ላይ እያየሁ፣ የሻኔልን ታሪክ እየሰማሁ፣ የዚህኛው ልጅ እጅ የት ያርፋል ብዬ አንዴ እንኳ አልጠየቅሁም። ጥልፉ ላይ ነበር ዓይኔ።

ማታ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ከውስጥ ገላዋ ላይ የሚጣበቅ ልብስ ሰፍቼ ቀሚሱን እላዩ ላይ ያዝኩት፤ አሁን ቢስቧት አብራ ትሄዳለች። የቀረው እጁ የሚያርፍበትን ቦታ ማግኘት ነው። ጠዋት ልጁን ጠርቼ መዳፎቹ ላይ ጠመኔ ፈጭቼ ቀባሁት።

"እንደወትሮህ አንሣት" አልኩት።

አነሣት። አልተንሸራተተችም። ሲያወርዳት የቀሚሱ ወገብ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጭ መዳፍ ቀረ። አውራ ጣቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። ዙሪያውን በክር ከበብኩት፤ ከክሩ ውስጥ ያለው ሲክዊን በሙሉ ሊነሣ ነው።

አለቃዬ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይሄን ደግሞ" አሉ፣ "በእንፋሎት እንዳታጠፊብኝ።"