«ሊንኩን ለምን ነኩት?»

የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። የበዓል ሰሞን የእኛ ክፍል ስልክ አያርፍም። ካርዴን ተጭበረበርኩ የሚል ሁሉ የሚደውለው ወደ እኛ ነው። ቅናሹ ሲበዛና በኦንላይን የሚያዘው ሰው ሲበዛ፣ የሚደውለውም ይበዛል።

ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ አንድ ጥሪ አነሳ። በሥራው ይቀድመኛል፣ ፈጣን ነው፣ አለቆችም ይወዱታል። ትንሽ አዳመጠና፣ «ሊንኩን ለምን ነኩት ታዲያ? ስንት ጊዜ ተነግሯል!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስልኩን ዘጉት» አለኝ። ቀጣዩን ጥሪ አነሳ።

ሴትዮዋ በማግስቱ ደወሉ። ጥሪው እኔ ጋ ደረሰ።

በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን ድምፃቸው ይናገራል። «ልጄ፣ ትናንትም ደውዬ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው» ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ ካርዱን ዘጋሁት። ከዚያ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ሌሊቱን ሲገዛበት አድሯል።

«መልእክቱ ምን ይል ነበር?» አልኳቸው።

«ዕቃዎ ደርሷል፣ አድራሻው ስላልተሟላ ተይዟል፣ ትንሽ ክፍያ ከፍለው ያስለቅቁ ይላል።»

«ዕቃ ይጠብቁ ነበር?»

«እንዴታ! ለልጅ ልጄ ያዘዝኩት ስጦታ አለ። ለበዓሉ ባይደርስስ እያልኩ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መልእክቱን የላኩት ሰዎች ስለ ስጦታው የሚያውቁት የለም። በጅምላ ነው የሚበትኑት። በዓል ሲቃረብ ደግሞ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፤ ለእሱ መልእክቱ ልክ በሰዓቱ የመጣ ይመስለዋል። ይህ ሞኝነት አይደለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳቸውም ስቀው ያጠፉት ነበር።

«ጓጉንቸሩም ነበረበት እኮ» አሉኝ። ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የጓጉንቸር ምስል ካለ አይፍሩ ተብለዋል። ለዓመታት ለሁላችንም ሲነገር የኖረ ምክር ነው። ጓጉንቸሩ የሚለው ግን የምትልኩት መረጃ መንገድ ላይ በሌላ ሰው አይነበብም ብቻ ነው። ተቀባዩ ነጋዴ ይሁን ሌባ አይነግራችሁም። ሌባም ጓጉንቸሩን የሚያሰጠውን ማረጋገጫ በነፃ ያወጣዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ምስሉን ክሮም ከሚባለው የድረ ገጽ መክፈቻው ላይ የቀየረው ሰዉ የታማኝነት ምልክት አድርጎ ስለሚያየው ነው።

«ከዚያ ኮድ መጣልኝ፤ አስገባሁት።»

«እናቴ፣ ኮዱ የመጣበትን መልእክት ያነቡልኛል?»

ቀስ ብለው አነበቡ። ኮዱ ካርዱን በሌላ ስልክ ላይ ለመጫን መሆኑን ይናገራል። ለማንም አይስጡ ይላል። ጨርሰው ዝም አሉ። «እኔ ቁጥሯን ብቻ ነው ያየሁት» አሉ በመጨረሻ።

ብዙዎቻችን የምናየው ቁጥሯን ብቻ ነው። ስልኩ ራሱ ቁጥሯን ነጥሎ ልሙላልህ ወይ ይላል፤ ከጎኗ ያለውን ዐረፍተ ነገር ማን ያነባል? ሌቦቹ በዚያች ኮድ ካርዱን የራሳቸው ስልክ ላይ ጫኑት፤ ከዚያ በስልካቸው በካርዱ ይከፍላሉ። ያቺ ትንሽ ክፍያ ሰበብ ነበረች። ስለዚህ አደራ፣ ኮድ ሲመጣላችሁ ከቁጥሩ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። የዕቃ ክፍያ መስሏችሁ ስልክ ስለመጨመር የሚያወራ ከሆነ፣ እዚያው አቁሙና ለባንካችሁ ደውሉ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሰዓቱ ነው። ትናንት ሲደውሉ ከካርዱ የወጣው ትንሽ ነበር። ያኔ ቢዘጋ ኖሮ ሌሊት የተሞከረው ሁሉ ውድቅ ይሆን ነበር። ለምን ስልኩን እንደዘጉት ጠየቅኋቸው።

«አፈርኩ፣ ልጄ» አሉ።

አቤቱታውን መዘገብኩላቸው። ኮዱን ራሳቸው ስላስገቡ ክርክሩ ቀላል እንደማይሆንም አልደበቅኋቸውም። የስጦታውን ነገር ደግሞ በመልእክቱ ሊንክ ሳይሆን ያዘዙበትን ሱቅ አድራሻ ራሳቸው ጽፈው እንዲያዩ ነገርኳቸው። አዩት። ዕቃው በመንገድ ላይ ነው፣ ማንም አልያዘውም።

በሻይ ሰዓት ለባልደረባዬ ነገርኩት። «ትምህርት ይሁናቸው ብዬ ነው እኮ» አለ።

«ትምህርቱን ካርዱ ከተዘጋ በኋላ ስጣቸው» አልኩት። ተቆጣ። እኔም ተቆጥቼ ነበር። ገንዘቡ የተበላበት ሰው አፍሮ ሲዘጋ ሌባው ያንን ሰዓት እንደሚጠቀምበት ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ለአለቃችን አቀረብኩት። አሁን ጥሪ ስናነሳ የምንሞላው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር «ካርዱ ተዘግቷል?» የሚል ነው። ባልደረባዬም ይሞላዋል። ያቺን ጥያቄውን ግን እስካሁን አልተወም፤ ከጎኔ ስሰማት ዛሬም ደሜ ይፈላል።