ሽራፊዋ ሲኒ

ዛሬ እማዬ ሲኒዋን ደበቀችብኝ። ቡና የምንጠጣባትን አይደለም፤ ለበጎቹ አኩሪ አተር የምሰፍርባትን ሽራፊዋን።

በሁዳዴ መግቢያ ከዳንግላ ገበያ አምስት የዋሸራ ዝርያ ጠቦቶች ገዝቼ ጓሮ ዘጋሁባቸው። ለፋሲካ ላደርሳቸው ነው። የኑግ ፋጉሎ ዋጋ ዘንድሮ አልቀመስ አለ። ከፓዊ አኩሪ አተር የሚያመጣ ወዳጅ ስላለኝ ሩብ ኩንታል ወሰድኩ። ለአምስት በግ እስከ ፋሲካ ይበቃል ብዬ አስልቼ።

እማዬ ጥሬውን ገንዳ ውስጥ ስታይ ጮኸች። «አንተ ልጅ፣ ሳይቆላ?» ለዶሮዎቿ ቢሆን እውነቷን ነው። ጥሬው ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ እሳት ነው የሚያጠፋው። በግ ግን ጨጓራው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን አብዛኛውን ይጨርሱለታል። ወፍጮ ቤት መውሰድም አያስፈልግም፤ ራሱ አድቅቆ ያመነዥከዋል። እኔም መጀመሪያ አላመንኩም። አንድ ሳምንት ሙሉ በጠጣቸውን በእንጨት እየበታተንኩ ያልደቀቀ ፍሬ ስፈልግ ከረምኩ። ያገኘሁት ጥቂት ነው። ጎረቤቴ በአጥር አሻግሮ ሲያየኝ ምን እንዳለ እንጃ።

ይኸው ጎረቤቴ ነው «ዩሪያ ጣል አድርግበት» ያለኝ። እሱ ገለባውን በዩሪያ አክሞ ያበላል። ደግነቱ አልሰማሁትም። ጥሬ አኩሪ አተር ዩሪያን ቶሎ ወደ አሞኒያ ስለሚቀይረው በጎቹን ሊመርዛቸው ይችል ነበር።

አኩሪ አተር ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው። ዘይቱ ሲበዛ ድርቆሹን የሚያብላሉት ተሕዋስያን ይደክማሉ። ስለዚህ ከግማሽ ሲኒ ጀምሬ በሁለት ሳምንት ሁለት ሲኒ አደረስኩት፤ ለአንድ በግ በቀን 100 ግራም ገደማ። ቀሪው ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ጨውና ውሃ ነው። ቤቱ ሁሉ ጾሞ እነሱ ብቻ ሲፈስኩ ማየት ደግሞ ሌላ ፈተና ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ተሳሳትኩ። ስሰፍርላቸው ሲያዩኝ ገንዳውን እየገፉ ይጮሃሉ፤ እጄ አልጨክን አለ። ደግሞም ገበያው ቀርቧል፣ ቶሎ ይወፍሩልኛል ብዬ አራት ሲኒ ማድረግ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በሦስተኛው ቀን ዳማው ድርቆሹን አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ላቱ ሥር ተቅማጥ ተለጥፏል። ማመንዠኩንም ትቷል። እማዬ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ሄዳ ጆንያውን አነሳ አድርጋ አየችው። ጆንያው አጋለጠኝ።

ሦስት ቀን ድርቆሽና ውሃ ብቻ ሰጠነው። ትናንት ማታ ጥግ ላይ ተኝቶ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ባትሪውን አጥፍቼ ዝም ብዬ ሳዳምጠው ቆየሁ።

አሁን ሰፋሪዋ እማዬ ናት። ሲኒዋን ከነጠላዋ ሥር ታወጣለች፣ አፉን በጣቷ ትልጋለች፣ የተረፈውን ፍሬ ወደ ጆንያው ትመልሳለች። እኔ ውሃ እቀዳለሁ።