«የኛ ሰዎች አይደሉም»

በቀደም አንድ የማውቀው ልጅ ዩክሬን ሄዶ ስለመዋጋት ሲያወራ ነበር (ከየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ እንኳን ገና አልወሰነም፣ እሱን ተዉት) «ምን ችግር አለው፣ ወዶ ዘማች ነኝ፣ ማንንም መንግስት አላነካካም» አለኝ። ዝም አልኩት ግን ከዛ ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፣ ምክንያቱም ልክ ነው እኮ፣ ማንንም አያነካካም፣ የሚፈለገውም ለዛው ነው።

ፌብሩዋሪ 27 2022 (ቀኖቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው) እሁድ ነበር። ወረራው በተጀመረ በአራተኛው ቀን ማለት ነው። ፑቲን የኑክሌር ሀይሉ ልዩ የውጊያ ዝግጁነት ላይ እንዲሆን አዘዘ፣ በዛው ቀን ዘለንስኪ ደግሞ የውጭ ዜጎች መጥተው እንዲዋጉ ጥሪ አድርጎ ኢንተርናሽናል ሌጅዮን እንደሚቋቋም ተናገረ። ያኔ ሁለት የማይገናኙ ዜናዎች መስለውኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ ናቸው፣ ኑክሌር ያለው አገር ላይ መንግስታት ጦራቸውን በግልፅ መላክ ይፈራሉ፣ ስለዚህ ጦር የማይገባበት ቦታ ግለሰብ ይገባል።

አዲስ ነገርም አይደለም። ኮሪያ ላይ፣ የኛ ቃኘው የዘመተበት ጦርነት፣ ቻይና ኦክቶበር 1950 ያሉ የሚባለውን የድንበር ወንዝ ተሻግራ ስትገባ ሰራዊቱን ምን አለችው? «የህዝብ በጎ ፈቃደኞች»። መደበኛ ወታደር ነው እኮ፣ ጄኔራሉ የታወቀ፣ ግን ስሙ በጎ ፈቃደኛ ስለሆነ ቻይና በይፋ ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ላይ አይደለችም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ በዛው ኖቬምበር መጨረሻ ትሩማን ጋዜጠኞች ሲጠይቁት አቶሚክ ቦምብ መጠቀምም እየታሰበበት ነው ብሎ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ከሰማይ ደግሞ የሶቪየት ፓይለቶች የሌላ አገር ምልክት በተቀባ ሚግ-15 ይዋጋሉ፣ ተመተው ወድቀው እንዳይማረኩ ባህሩ ላይ እንዳይበሩ ተከልክለዋል፣ በሬዲዮም በሩሲያኛ እንዳያወሩ ታዘዋል፣ ግን ጥይት ሲዘንብበት በማያውቀው ቋንቋ የሚጮህ ሰው የት አለ፣ በሩሲያኛ መሳደብ ነው። አሜሪካኖቹ ይሰማሉ። ያውቃሉ። ዝም አሉ! ምክንያቱም አወቅን ካሉ አንድ ነገር ማድረግ ግዴታቸው ሊሆን ነው። ሁለት ጠላቶች ተስማምተው አንድ ውሸት የጠበቁበት ጊዜ ነው፣ እና እውነቱን ለመናገር በዛ ውሸት ሳንተርፍ አልቀረንም።

ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው። ማርች 13 2022 ከፖላንድ ድንበር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ያቮሪቭ ላይ ያለ የስልጠና ካምፕ በሚሳይል ተመታ፣ የውጭ ወዶ ዘማቾች የሚሰለጥኑበት ነው። ዩክሬን 35 ሰው ሞተ አለች፣ ሩሲያ እስከ 180 የውጭ ቅጥረኛ ገደልኩ አለች። ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ እዛው ካምፕ የአሜሪካ ወታደሮች ዩክሬናውያንን ያሰለጥኑ ነበር፣ ወጥተው ነው። እነሱ እያሉ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት። ለወዶ ዘማቾቹ ግን የማንም አገር ቀይ መስመር አልተነካም።

ደግሞ ብትማረክስ? በ1977ቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ቅጥረኛ የተባለ ሰው የጦር ምርኮኛ መብት የለውም። ትርጉሙ ጠባብ ነው፣ ከተዋጊው አገር ሰራዊት አባልነት ካለህ ቅጥረኛ አይደለህም፣ ግን ወረቀት ላይ ነው ይሄ። ጁን 2022 የሩሲያ ደጋፊ ተገንጣዮች በያዙት ዶኔትስክ ላይ ሁለት እንግሊዞችና አንድ ሞሮኳዊ የዩክሬን ሰራዊት ውስጥ እያገለገሉ የተማረኩ ናቸው፣ ቅጥረኛ ተብለው ሞት ተፈረደባቸው። ሴፕቴምበር ላይ ሳውዲ አደራድራ ነው የወጡት።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን ሶሪያ ነው፣ ፌብሩዋሪ 2018፣ ዴይር ኤዞር። አሜሪካ የሚጠቀምበት ቦታ ላይ የሶሪያ መንግስት ደጋፊ ሀይል እየገፋ ሲመጣ አሜሪካኖቹ ግጭት እንዳይፈጠር በተዘረጋው ስልክ ሩሲያዎቹ ጋ ደወሉ፣ የእናንተ ናቸው? አይ፣ የኛ ሰዎች አይደሉም። ከዛ በአውሮፕላን በመድፍ ለሰዓታት ደበደቧቸው። ውስጡ ዋግነሮች፣ የሩሲያ የግል ኩባንያ ተዋጊዎች ማለት ነው፣ ነበሩ። ቆይቶ የሩሲያ ውጭ ጉዳይ መጀመሪያ ላይ አምስት የሚሆኑ ዜጎቻችን ሳይሞቱ አይቀርም አለ። ሁለት የኑክሌር አገሮች ተታኮሱ ማለት ነው፣ ግን አልተታኮሱም።

አሁን አሁን መደበቁም እየቀረ ነው መሰለኝ። ሰሜን ኮሪያ ኩርስክ፣ ሩሲያ ውስጥ፣ ወታደር ልካ ለወራት ሲካድ ቆይቶ ኤፕሪል 2025 ላይ ሞስኮም ፒዮንግያንግም አዎ አሉ፣ ከሩሲያ ጋር የተፈራረምነው ውል አለ ብለው። በጎ ፈቃደኛ ምናምን የለም። ይሄኛው ከድሮው ውሸት በላይ ያስፈራኛል።

ልጁ ትናንት ደግሞ ፅፎልኝ ነበር። ውሉ በምን ቋንቋ ነው የሚፈረመው ይላል።