ጉልበት የሚያስገባ ጠረጴዛ

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወደሚገኝ የጋራ ቤተ ሙከራ ጎራ ብዬ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ወጣት መሐንዲስ ለመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሠራችውን ሰርኪዩት በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን በሚያሳይ መለኪያ) ስትፈትሽ አገኘኋት። ጠረጴዛዋ እግሮቹ በመጋዝ ተቆርጠው ዝቅ ብሏል፤ ጉልበቷ ከሥሩ ይገባል፤ የመበየጃ ካውያው ማስቀመጫም እጇ በሚደርስበት ቦታ ተገጥሟል። «እዚህ ከመምጣቴ በፊት የሚበይድልኝ ሌላ ሰው ነበር» አለችኝ።

ለጀማሪ ድርጅት እንደ ኦሲሎስኮፕ ያለውን መሣሪያ ለብቻው መግዛት፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ሆኖ፣ እጅግ ከባድ በመሆኑ በጋራ መጠቀሙ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ሁሉ ተሟልቶ መግቢያው ደረጃ ብቻ ከሆነ፣ ይህች ባለሙያ ደጅ ትቀራለች። ስለዚህ መወጣጫውና የጠረጴዛው ቁመት ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ይታሰብባቸው፤ እንደኛ ባለ የከተማ ዳርቻ ደግሞ ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ያለው ኮረኮንች መንገድም ጭምር።