ስም የሌለው መያዣ

ባለፈው ክረምት ምናለሽ ተራ ከተከመረ ቁርጥራጭ ብረት መካከል አንድ የመቁረጫ መሳያ መያዣ፣ በተለምዶ ፊክስቸር የምንለውን፣ የደነዘ የማሽን መቁረጫ በሚሽከረከር ድንጋይ ሲሳል አጥብቆ የሚይዘውን ዕቃ፣ አግኝቼ በኪሎ ገዛሁ። የሠሪው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ተነቅሎ የቀሩት ሁለት ቀዳዳዎቹ ብቻ ነበሩ። በነጭ ጋዝ አጥቤ ዝገቱን ሳስለቅቀው ዲግሪ የተቀረጸበት ክብ ሚዛን፣ ባለ 24 ጥርስ መከፋፈያ ሳህንና ሾጣጣ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ብቅ አሉ።

ሰሌዳው ሲጠፋ የዕቃውን ዘር የሚናገረው ሾጣጣው ቀዳዳ ነው። የሾጣጣ ቀዳዳ መለኪያ ደረጃዎች የተለያዩ ናቸው፤ ሞርስ ቴፐር የሚባለው በየ20 ሚሊሜትር ርዝመት ዲያሜትሩ 1 ሚሊሜትር ያህል ሲቀንስ፣ በድሮ የአሜሪካ ማሽኖች ላይ የሚገኘው ብራውን ኤንድ ሻርፕ የሚባለው ግን ለዚያችው 1 ሚሊሜትር 24 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ይወስዳል። ልዩነቱ በ50 ሚሊሜትር ውስጥ 0.4 ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ከሞርስ ዘንጎቼ አንዱን ሰማያዊ ቀለም በስሱ ቀብቼ አስገባሁና ጥቂት አዞርኩት፤ ቀለሙ የነካው የቀዳዳውን አፍ ዙሪያ ብቻ ነበር፣ ዘንጉም ውስጥ ለውስጥ ይወዛወዛል። ሞርስ አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ብራውን ኤንድ ሻርፕ ነው ብዬ፣ ለቀዳዳው የሚገጥመውን ማስማሚያ ራሴ ቶርኖ (የብረት ማዞሪያ ማሽን) ላይ አወጣሁት፤ የቶርኖውን የላይኛውን ስላይድ በዲግሪ ሚዛኑ ከማመን ይልቅ በዲያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ለክቼ፣ ዲያሜትሩ ከሁለት ጎን ስለሚቀንስ በ24 እጥፍ ማለትም በ48 ሚሊሜትር ጉዞ 1 ሚሊሜትር እንዲያፈነግጥ አድርጌ አሠርኩት።

የተሳሳትኩት ከዚህ በኋላ ነው። ባለ 6 ጥርስ የእጅ ሪመር (ቀዳዳ ማስፊያ) አስሬ፣ ሳህኑን በየ4 ጥርሱ እያዞርኩ ስስል፣ በትክክል የተሳሉት መነሻ ያደረግኩት ጥርስና ፊት ለፊቱ ያለው ብቻ ሆኑ፤ ከሌሎቹ አንዳንዶቹን ድንጋዩ ከልክ በላይ በላቸው፣ ሌሎቹን ጨርሶ አልነካቸውም። የእጅ ሪመር ጥርሶች ቀዳዳውን ሲያሰፉ እንዳይንቀጠቀጡ ሆን ተብሎ እኩል ባልሆነ ርቀት እንደሚሠሩ ባውቅም በሥራው ላይ ዘንግቼው ነበር። ከመያዣው ጋር በከረጢት የመጣውንና ውዳቂ መስሎኝ ወደ ጥግ የጣልኩትን ቀጭን የብረት ምላስ ያነሣሁት ያን ጊዜ ነው። ያ ምላስ የጥርስ ድጋፍ ነው፤ የሚሳለውን ጥርስ ራሱን ከሥር ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ቢለያይም ግድ የለውም።

ጥርሱ ሥራውን እንዳይፈትግ ከስለቱ ጀርባ የሚፈለገውን ማዘንበያም የሚወስነው እሱው ነው። በኩባያ ቅርጽ ድንጋይ ስንስል የምላሱን ጫፍ ከመቁረጫው ማዕከል ዝቅ እናደርጋለን፤ መጠኑ የመቁረጫው ራዲየስ በማዘንበያው ሳይን ተባዝቶ ይገኛል። ዲያሜትሩ 80 ሚሊሜትር ለሆነ የፍሬዛ መቁረጫና ለ6 ዲግሪ ማዘንበያ 4.18 ሚሊሜትር ይሆናል። ከመጀመሪያው ጥርስ በኋላ ምላሱን መነካካት አያስፈልግም፤ እኔ አንድ ጊዜ ነካክቼ መቁረጫውን በሙሉ እንደገና ለመሳል ተገድጃለሁ።

ቀጥ ላሉ ጥርሶች ምላሱን ጠረጴዛው ላይ ማሰር ይቻላል። ጠመዝማዛ ጥርስ ግን ጠረጴዛው ሲሄድ በምላሱ ላይ እየተንሸራተተ መዞር ስላለበት፣ ምላሱ ድንጋዩን ከተሸከመው ራስ ጋር መታሰር አለበት። ለዚህ የሚሆነው ማሰሪያ ከረጢቱ ውስጥ አልነበረም፤ እስክሠራው ድረስ ጠመዝማዛዎቹ መቁረጫዎች መደርደሪያ ላይ እንደደነዙ ተቀምጠዋል።