የቀለጠው በረዶ እና የፕላውራይት ክትባት

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አፋር ውስጥ ከብት እከትብ ነበር፣ ደስታ ለሚባለው በሽታ። በክፉ ቀን ዘመን የአገራችንን ከብት የጨረሰው እሱ ነው። አንድ ቀን ክትባቱን የያዝኩበትን አይስ ቦክስ ስከፍት በረዶው ውሃ ሆኗል። ሰዎቹ ሌሊቱን ከብት ሲነዱ አድረው ነው የደረሱት፣ እንዴት ተመለሱ ልበላቸው? ምንም አይሆንም ብዬ ወጋሁ። ቆይቶ በሽታው ሲገባ ከከተብኳቸው ውስጥ የሞቱ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ «ወግታችሁልኝ ነበር እኮ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ክትባቱን ስለሠራው ስለ ዋልተር ፕላውራይት አጥብቄ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ በሚባል የምርምር ጣቢያ የሠራ። ከሱ በፊት በፍየል ላይ እየተላመደ የሚዘጋጅ ክትባት ነበር፣ ግን አንዳንድ የከብት ዝርያዎችን ራሱ ያሳምማል፣ ይገድላልም። ፕላውራይት ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ላይ አሳደገው። ከአንዱ ሕዋስ ወደ ሌላው፣ እንደገና ወደ ሌላው፣ እስከ 90 ጊዜ! ቫይረሱ ማሳመሙን ትቶ መከላከያውን ብቻ የሚሰጥ እስኪሆን ድረስ። አንዴ የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። እኔ ግን ያን ሁሉ ድካም በአንድ «ምንም አይሆንም» ከንቱ አድርጌዋለሁ፣ ምክንያቱም የክትባቱ ትልቁ ድክመት ሙቀት ነበር።

ሽማግሌው ጋ ተመልሼ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከባድ ነበር፣ ግን ደግሜ ለመከተብ ፈቀዱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ነው የምንጀምረው። ብልቃጡን ሁሉ በአንዴ አንበጠብጥም፣ አጠገባችን ለቆመው ከብት የሚበቃውን ብቻ። የተጠራጠርኩትን እደፋለሁ፣ ሰው ቢቆጣም። ከብቱን ወደ እኛ ከመጥራት ይልቅ መንጋው የት ውሃ እንደሚጠጣ ጠይቀን እኛ መሄድ ጀመርን። በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ሲመጣ፣ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው እኛ የማንደርስበት ድረስ ይዘውት ሄዱ፣ ያን ጊዜ ነው ሥራው በእውነት የፈጠነው።

ፕላውራይት እ.ኤ.አ. በ2010 አረፈ፤ በሽታው ከምድር መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው።